ያልፈቀዱትን «ፈቅደዋል» አልኩ

ሦስት የንስሐ አባቶች አፈራርቄአለሁ። ሁለቱን በእጄ አፈር አልብሻቸዋለሁ። ሦስተኛው ዛሬም ጾም በገባ ቁጥር ቤቴ ይመጣሉ፤ ጠበል ይረጩልኛል፤ አጠገቤ ቁጭ ብለው «ሌላስ ልጄ?» ይሉኛል። «ሌላ የለም አባ» እላቸዋለሁ። ሌላ አለ። ለሦስቱም የደበቅሁት፣ ለሚስቴ ያልነገርኳት፣ ለማላውቃችሁ ለእናንተ ግን ዛሬ የምነግራችሁ አንድ ሌላ አለ። ለእናንተ መንገር የቀለለኝ ፊታችሁን ስለማላይ ነው። ይህም ራሱ ፈሪነት መሆኑን አውቃለሁ።

የምኖረው ደሴ፣ ሆጤ ነው። አማርኛ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ሰው መምህር ታምሩ ይለኛል። ፊልሙን ያዩ ደግሞ «ደራሲው» ይሉኛል፤ እንዲያ ሲሉኝ ጆሮዬ ይግላል። እነሱ ግን ትሕትና ይመስላቸዋል።

ፊልሙን አይታችሁት ይሆናል። በንጉሡ ዘመን ኮምቦልቻ ላይ ወይን ተክላ፣ ወይን ጠጅ ጥላ ለሆቴል ያቀረበች የመጀመሪያዋ ሴት ታሪክ ነው። የድሮ ቀሚስ፣ የድሮ አውቶቡስ፣ የድሮ ዘፈን ያለበት፣ ሰው በዕንባ የሚወጣበት ፊልም። ሴትዮዋ በሕይወት ነበሩ። እማማ አልጋነሽ ይባላሉ። ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ የመኪናው አቧራ በሚደርስበት ግቢ ነበር የሚኖሩት። ፊልሙን ሊሠራ ከአዲስ አበባ የመጣው ዳይሬክተር «ታሪካቸውን አንተ ጻፍልኝ» ሲለኝ፣ ዕድሜ ልኬን ስጠብቀው የኖርኩት ነገር ነበርና አንዴም ሳላስብ እሺ አልኩ።

በየሳምንቱ ቅዳሜና እሑድ እየወረድኩ ታሪካቸውን አዳመጥኩ። በልጅነታቸው የአንድ ፈረንጅ እርሻ ቤት ልብስ አጣቢ ነበሩ። ወይን እንዴት እንደሚገረዝ፣ እንዴት እንደሚረገጥ፣ መቼ እንደሚጠለል በልብስ ገንዳው ላይ አጎንብሰው በዓይናቸው ሰረቁ። ባላቸው ሲሞት የበቆሎውን ማሳ ገልብጠው ወይን ተከሉበት። «አልጋነሽ አበደች፣ እህል ነቅላ ሐረግ ተከለች» ተባለ። እሳቸው ይህን ሲያወሩ ይስቁ ነበር፤ ጥርስ ባልቀረው አፋቸው፣ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ።

እሑድ እሑድ እሳቸው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ከሐርቡ አንዲት ሴት ይመጣሉ። እማማ ዘይነባ። ወጣት ሳሉ ጎረቤታሞች ነበሩ፤ ኋላ ባላቸው ሐርቡ ወሰዳቸው። ቢሆንም ክረምት ከበጋ እሑድን አያጎድሉም ነበር። እማማ ዘይነባ ዱበርቲ ነበሩ፤ የሐርቡ ሴቶች ተሰብስበው ዱዓ ሲያደርጉ የሚመሩት እሳቸው ናቸው። የታመመ ልጅ ይዘው የሚመጡ፣ ባል ያስቸገራቸው፣ ምጥ የጠናባቸው ሁሉ ከእሳቸው እጅ ስር ይቀመጣሉ። ሁለቱ አሮጊቶች ግን ሲገናኙ ሌላ ናቸው። በርበሬ እየለቀሙ ይሳደባሉ፣ ይተማማሉ፣ አንዷ የሌላዋን ነጠላ ትስባለች። እማማ ዘይነባ ሲቀመጡ እግራቸውን ዘርግተው ነው። በግራ እግራቸው ሁለት ጣት የላቸውም፤ በልጅነታቸው የወፍጮ ድንጋይ ወድቆባቸው ነው። እኔ ይህን አየሁ። የጸሐፊ ዓይን ነውና አየሁ፣ በልቤም ያዝኩት። ምነው ያን ቀን ዓይኔ በጠፋ!

አንድ ቅዳሜ እማማ አልጋነሽ «ታምሩ፣ የመጀመሪያዋ፣ የመጀመሪያዋ ስትሉኝ ሌባ የሆንኩ ይመስለኛል» አሉኝ።

«እንዴት እማማ?» አልኩ።

ነገሩኝ። የመጀመሪያው ምርት የደረሰ ጊዜ፣ ወይኑ ተለቅሞ ገንዳ ውስጥ እንዳለ ወባ ጣላቸው። ሊረግጥላቸው የሚችል ሰው አልነበረም። ተርብ ገንዳውን ከብቦታል፤ ሁለት ቀን ቢያድር ይበላሻል፤ ለዓመታት የተሳቀባቸው ሥራ አፈር ሊበላ ነው። ትኩሳቱ አናታቸው ላይ ወጥቶ «ወይኔ! ወይኔ!» እያሉ ይጮኻሉ። ሾርባ ይዛ የመጣችው ጎረቤታቸው ዘይነባ፣ ያን ጊዜ ገና ሙሽራ፣ ራሳቸውን ይሁን ወይናቸውን የሚጠሩት መለየት አቃታት። ቆማ አየቻቸው። ከዚያ በሩን ዘጋች፣ እግሯን ታጠበች፣ ቀሚሷን ሰበሰበችና ገንዳው ውስጥ ገባች። ሁለት ቀን ረገጠችው። አልቀመሰችም፤ እጇን እንኳ ወደ አፏ አላስጠጋችም። ግን ምን ሊሆን እንደሆነ እያወቀች ረገጠችው። ሲያልቅ ወደ ቤቷ ሄዳ አለቀሰች፣ ጾመች፣ ተውበት አደረገች። ለባሏም አልነገረችም። እማማ አልጋነሽ ከበሽታቸው ሲነሡ የአንገታቸውን መስቀል ይዘው ለማንም ላይናገሩ ማሉላት።

«ደሴ ድረስ ሰው የተሻማበት ያ የመጀመሪያው ወይን የእኔ እግር አልነካውም» አሉኝ። «ለአንተ የነገርኩህ ይዤው መሞት ስለከበደኝ ነው። ለፊልም አይደለም። አማና ነው፣ ታምሩ።»

«አማና፣ እማማ» አልኩ። እጃቸውን ይዤ አልኩ።

አማና ምን እንደሆነ ወሎ ተወልዶ የማያውቅ አለ? ክርስቲያኑም እስላሙም በዚህች ቃል ልጁን ጥሎ መንገድ ይሄዳል። እኔ ምን አደረግሁባት?

ዳይሬክተሩ የመጀመሪያውን ጽሑፌን አንብቦ «ጥሩ ነው፣ ግን አያስለቅስም» አለኝ። ይህችን ብቻ ነው ያለው። አላስገደደኝም፤ በገንዘብም አልደለለኝም። ሌላ ጸሐፊ ላምጣ ብሎም አላስፈራራኝም። ቢያደርገው ኖሮ ዛሬ የምደገፍበት ግድግዳ ይኖረኝ ነበር። አያስለቅስም ስላለኝ ብቻ የዘይነባን እግር ጻፍኩት። ስሟን ዘሐራ ብዬ ለወጥኩና ነፍሴን አታለልኳት። ሁለቱን የጎደሉ ጣቶች ግን ተውኩ። ለምን ተውኳቸው? ጣቶቹን ሙሉ አድርጌ ብጽፍ ማን ይጎዳ ነበር? ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄአለሁ። መልሱ አንድ ነው። ያምሩ ነበር። ሁለት ጣት የጎደለው እግር ከወይን ላይ ሲወጣ ሲወርድ፣ ያምር ነበር።

ያን ትዕይንት የቀረጽነው እሑድ ጧት ነው። ቀኑን የመረጥኩት እኔ ነኝ። እማማ አልጋነሽ ቅዳሴ ላይ እንደሚሆኑ አውቄ መረጥኩት። የተዋናይዋን ሁለት ጣቶች በቆዳ ቀለም ፕላስተር አጥፈው አሰሩላት። ዳይሬክተሩ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «ይኸው፣ አሁን ፊልም ሆነ» አለኝ። ደስ አለኝ። ውሸት ምን ያደርግልኛል? ደስ ብሎኝ ነበር።

ፊልሙ ደሴ ሲመረቅ አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። እማማ አልጋነሽ አዲስ ነጠላ ለብሰው ከፊት፣ ከእኔ አጠገብ ተቀመጡ። እማማ ዘይነባ ጉልበታቸውን አሟቸው አልመጡም። ልጃቸው ሰይድ ግን መጥቷል፤ ሰኞ ገበያ የእህል መጋዘን አለው። «የእናቴ እህት ፊልም ነው» ብሎ የሐርቡ ጓደኞቹን ሁሉ ይዞ ነበር የመጣው። በሩ ላይ አቅፎኝ «ኮራንብህ መምህር» አለኝ።

እግሩ መጣ። እግሩ ብቻ፣ ግድግዳውን ሞልቶ።

እማማ አልጋነሽ አልጮሁም። መነጽራቸውን አወለቁ፣ በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉት። ከዚያ ቀስ ብለው «ታምሩ፣ ይሄ የዘይነባ እግር ነው» አሉኝ። ከኋላችን ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ። ሰይድና ጓደኞቹ ተነሥተው ወጡ። ሌላው ሰው ያለቅስ ነበር። መብራት ሲበራ ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበ፣ ስሜ ተጠራ። እኔም ወጣሁ። እማማ አልጋነሽን ወንበራቸው ላይ ትቼ መድረክ ላይ ወጣሁና እጅ ነሣሁ።

እስከዚህ ያለው ስግብግብነት ነው። ስሙ ይታወቃል፣ ሰውም ይሠራዋል። ከዚህ በኋላ ያለውን ግን ምን ብዬ እንደምጠራው አላውቅም።

በሳምንቱ ሰይድ አስጠራኝ። መጋዘኑ ውስጥ፣ በማሽላ ጆንያዎች መካከል ሁለት በርጩማ አስቀምጦ ጠበቀኝ። ይደበድበኛል ብዬ ነበር። ውሃ አቀረበልኝ።

«መምህር» አለ፣ «ሐርቡ ያወራል። ያውራ። ቃዲውም ‹ተውበት ያደረገን ሰው አላህ ከማረው እኛ ማን ነን› ብለዋል። እናቴ ግን እንዲህ ያለ ሐሜት አይደለም ያስጨነቃት። አንዲት ነገር ብቻ ጠይቅልኝ አለችኝ።»

«ምን?»

«አልጋነሽ ፈቅዳ ነው ወይ?»

አየኝ። ዓይኑ ውስጥ ጥላቻ አልነበረም። ‹አይደለም፣ አደራ ብለውኝ የበላሁት እኔ ነኝ› እንድለው የሚለምን ይመስል ነበር። ስንት ቃል ነው? አንድ ትንፋሽ አይሞላም። ቢሆንም ያጨበጨበልኝ ሕዝብ ታየኝ፤ በየመንገዱ ያቆሙኝ ተማሪዎቼ ታዩኝ። ሰይድ ይህን ይዞ ሲወጣ ደሴ ምን እንደምትለኝ ታየኝ።

«ፈቅደው ነው» አልኩ። «ይግባ ያሉት ራሳቸው ናቸው።»

«ወላሂ በለኝ አልልህም፣ መምህር ነህ» አለኝ። ተነሥቶም ሸኘኝ።

እማማ ዘይነባ እሑድ መምጣት ቀሩ። አንድ እሑድ፣ ሁለት፣ አምስት። ዱዓ መምራቱንም ተዉ። ሴቶቹ ቤታቸው ድረስ ሄደው ሲለምኗቸው «እኔ አፌን ለማን እንደምከፍት የማላውቅ ሴት ነኝ፤ ሌላ ፈልጉ» አሏቸው አሉ። ከጠዋት እስከ ማታ ሰው የማይጠፋበት ግቢ ዝም አለ።

እማማ አልጋነሽ ግራ ገባቸው። በዚያ ዕድሜያቸው ሚኒባስ ተሳፍረው ሐርቡ ሄዱ። የሆነውን በኋላ ራሳቸው ነገሩኝ። ከአጥሩ ውጭ ቆመው «ዘይነባ! እኔ ነኝ፣ እቴ!» ብለው ተጣሩ። እማማ ዘይነባ ቤት ውስጥ ናቸው፤ ሳላቸው ይሰማል። የወጣችው ምራታቸው ናት። ልጅቱ እንባዋ እየወረደ መልእክቱን አደረሰች፦ «‹አፉ ብያታለሁ፣ ግን አትምጣብኝ› ብለውዎታል።» እማማ አልጋነሽ «ምን አድርጌ?» አሉ። ምራትየዋ ነገረቻቸው፤ እርስዎ ፈቅደው ነው ተብለናል ብላ።

ኮምቦልቻ እንደደረሱ አስጠሩኝ። ሄድኩ። አልሰደቡኝም፤ ምነው በሰደቡኝ። አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አኑረው እንዲህ አሉኝ፦ «አንተ ልጅ፣ ያደረግኸውን ለእግዜር ሰጥቼዋለሁ። ሐርቡ ሂድና ‹አልፈቀደችም› በላት። ይቺን ብቻ። ሌላ አልፈልግህም።»

«እሺ፣ እማማ።»

ሄድኩ። ሐርቡ ወረድኩ። መናኸሪያው አጠገብ ፓፓያ ገዝቼ በላሁ። ሙቀቱ ያንገበግባል። ቤታቸውን አውቀዋለሁ፤ ከቆምኩበት ዛፉ ይታያል። ቁጭ አልኩ፣ ተነሣሁ፣ ቁጭ አልኩ። ከዚያ የመልሱ ሚኒባስ መጣና ገባሁ።

«ነገርካት?» አሉኝ።

«ነገርኳቸው።»

«ምን አለች?»

ለዚህ አልተዘጋጀሁም ነበር። «እስቲ ልቤ ይረፍ፣ እኔው እመጣለሁ ብለዋል» አልኩ።

ፊታቸው በራ። ያንን ፊት አየሁት። የሰጠኋቸው የውሸት ተስፋ ያን ያህል ዓመት የተጨማደደ ፊት ሲያበራ አየሁና ተሰናብቼ ወጣሁ። ከዚያ ወዲያ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ሁለት መቀመጫ ደጃፍ ያወጡ ነበር አሉ፤ አንዱ ላይ እሳቸው ይቀመጣሉ። ጎረቤት «ማንን ነው?» ሲላቸው «ትመጣለች፣ እመጣለሁ ብላለች» ይላሉ። ይህን የሰማሁት ቀብራቸው ላይ ነው። እስከዚያ ድረስ ደጃቸውን አልረገጥኩም። ስምንት ወር ጠብቀው ክረምቱ ሲገባ ሞቱ።

ወሎ ነውና ሐርቡዎች ለቀብሩ መጡ። ሰይድ ዶማ ይዞ ከቆፋሪዎቹ ጋር ጉድጓዱ ውስጥ ገባ። ሲጨርስ ጭቃውን ከእጁ እያራገፈ ወደ እኔ መጣ። «እናቴ ልትመጣ ለብሳ ተነሥታ ነበር» አለኝ። «ከደጅ ተመለሰች። ‹እንዴት ብዬ ልቁምባት› አለች።» ሬሳው ገና አልወረደም ነበር። ያን ጊዜ ብናገር እኮ ሰይድ መኪና አስነሥቶ እናቱን ያመጣቸው ነበር። ሁለቱን ቢያንስ በአፈሩ ዳር ያገናኛቸው ነበር። እኔ ግን «‹አይዞዎት› በላቸው» አልኩ።

ከዚያ በኋላ በዚህ አገር የባሰ መጣ። ደሴም ኮምቦልቻም ስንቱን ቀበሩ፤ ስንቱ ቤቱን ጥሎ ሄደ፣ ስንቱ ተመልሶ ባዶ ግድግዳ አገኘ። ፊልሙን ሰው ረሳው። እኔም የረሳሁ መሰለኝ። ሰው በብዙ ሞት መካከል አንዲት የራሱን ኃጢአት መሸሸግ ይችላል፤ ችዬም ነበር።

አምና ሰይድ ስልክ ደወለ። «እናቴ ደክማለች። አንተን ጥሩልኝ አለች» አለኝ። ሐርቡ ድረስ እየጸለይኩ ሄድኩ። ምን ብዬ ጸለይኩ መሰላችሁ? ‹እንድናገር ብርታት ስጠኝ› ብዬ። በዚህስ አልዋሽም፣ እውነት ልናገር ነበር የሄድኩት። አሁን ልናገር፣ እግራቸው ላይ ወድቄ ልናገር።

እማማ ዘይነባ ፍራሽ ላይ ተጋድመዋል። ከሰውነት ወጥተው ቀልለዋል። ሰይድን «ውጣልን» አሉት፤ ወጣ። እጄን ፈለጉና ያዙት።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ካንተ በቀር የቀረ ምስክር የለም» አሉ። ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «አልጋነሽ ደጄ መጥታ ስትጣራ ሰምቻታለሁ። ‹እቴ› ስትለኝ ሰምቻለሁ። ልወጣ ጉልበቴን ይዤ ነበር። ግን ፈቅዳለች ስለተባልኩ ተቀመጥኩ። አሁን ተኝቼ ድምጿ ይመጣብኛል። ካልፈቀደች... ካልፈቀደችማ ያለ ጥፋቷ እህቴን ከደጄ መለስኳት ማለት ነው። ያረቢ! ይህንን ይዤ እንዴት ጌታዬ ፊት እቀርባለሁ? በአላህ ንገረኝ። ፈቅዳ ነበር?»



«ፈቅደው ነበር፣ እማማ» አልኩ።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። «እንግዲያው ከአንጀቴ አፉ ብያታለሁ። እሷንም አላህ አፉ ይበላት።» ቀጥለውም ሁለት እጃቸውን በስንት ጭንቅ አንሥተው መረቁኝ። ዕድሜ ሰጡኝ፣ ጤና ሰጡኝ፣ «ምላስህ እውነት አይጣ» አሉኝ። እኔም «አሜን» አልኩ።

በሦስተኛው ሳምንት ሞቱ።

አንዳንዶቻችሁ ‹መጨረሻ ላይ የዋሸኸው አዝነህላቸው ነው፤ እውነቱ ይገድላቸው ነበር› ልትሉኝ ትፈልጉ ይሆናል። አትበሉኝ። እኔም ብዙ ሌሊት እንዲህ እያልኩ ራሴን አባብዬ አውቃለሁ። አፌ ሲከፈት ምን እንዳሰብኩ ግን የማውቀው እኔ ነኝ። ሰይድ በሩ ላይ እንዳለ አሰብኩ። ይሰማኛል ብዬ ፈራሁ። እዝነቱን ያገኘሁት ኋላ ነው፤ መንገድ ላይ፣ ሚኒባስ ውስጥ፣ እንደ ጃኬት ደረብኩት። ደግሞ እውነቱ የሚገድላቸው ለምን ሆነ? ዓመታት አሳድሬ፣ መርዝ እስኪሆን ያቆየሁት እኔ አይደለሁም? መጋዘን ውስጥ በተጠየቅሁ ዕለት ብናገር እኔን ከማዋረድ በቀር ማንን ይገድል ነበር?

ሰይድ ዛሬም ሰኞ ገበያ ሲያገኘኝ ቆሞ ሰላም ይለኛል። እናቱን በሰላም የሸኘሁለት ሰው አድርጎ ነው የሚያየኝ። ይህን ወረቀት አስቀድሜ ለእሱ ላነብለት ወስኜ ሁለት ጊዜ መጋዘኑ ድረስ ሄጃለሁ። ሁለቱንም ጊዜ ስለ ጤፍ ዋጋ አውርተን ተመልሻለሁ። ሰይድ፣ ይህ እጅህ ከገባ የእናትህ እህት አልፈቀዱም። ሁለት መቀመጫ አውጥተው እናትህን እየጠበቁ ሞቱ። አፉ በለኝ አልልህም፤ አንተ አፉ ብትለኝ የሁለቱን ድርሻ ከየት ታመጣዋለህ?

እማማ አልጋነሽ ባላጠፉት ጥፋት ይቅርታ ተደረገላቸው። ያጠፋሁት እኔ ተመረቅሁ። ምርቃቱን የምመልስለት ሰው የለኝም።